ማኅበር፣ መንገድና አባወራ፤ የጉራጌ ክርስቲያን ወንዶች የቤተ ሰብ ኀላፊነት ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ ጢያንና ቡኢን ሲያልፍ የሚያቋርጠው አገር የክስታኔዎች አገር ነው። ክስታኔ የሚለው ስም «ክርስቲያን» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚቀመጥበት አገር ወይም በአባቱ ስም ሲጠራ፣ እነዚህ ሰዎች በሃይማኖታቸው ስም ተጠሩ። ዳሩ ግን ስም መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የሚጠይቀውን ኑሮ መኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ወንድ ክርስቲያን ተብሎ ሲጠራ ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለጎረቤቱ ምን ዕዳ ነበረበት? ዕዳውንስ ማን ያስተምረው፣ ማንስ ይቈጣጠረው ነበር? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው።

የምንመለከታቸው ሁለት ከተሞችና በዙሪያቸው ያለው ገጠር ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በ158 ኪሎ ሜትር ርቀት ትገኛለች፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ አገር እንደ በር ናት። ቡታጅራ ደግሞ በመስቃን ምድር፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚያልፈው መንገድ ላይ ተቈርቍራለች። ሁለቱም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ፤ በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆነች። በሁለቱም ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጐን ለጐን ይኖራሉ። እኛ የምንናገረው ስለ ክርስቲያኖቹ ወንዶች ቢሆንም፣ ከምንናገረው ውስጥ ብዙው ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸውም እንደሚሠራ አንባቢ እንዲያስተውልልን እንወዳለን።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። የጉራጌ ክርስቲያን ወንድ አባወራነትን የተማረው በቤቱ ብቻውን አይደለም፤ በእኩዮቹ ፊት ተቀምጦ፣ በተራው እየደገሰ፣ ሲቀር እየተቀጣ፣ ሲጣላም እየታረቀ ነው። ኑሮ ከቤቱ ባራቀው ጊዜ ከቤቱ ጋር አስሮ ያቈየው ይኸው የእኩዮች ጉባኤ ነበር። ጉባኤው ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ እርሱንም ሳንሸፋፍን እናነሣለን።

የሃይማኖቱ አመጣጥ

በክስታኔዎች ዘንድ የሚነገረው ትውፊት፣ በ14ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት አዝማች ስብሐት የሚባል የጦር አለቃ በአካለ ጉዛይ ካለው ከጉራዕ ሠራዊት ይዞ መጥቶ በአይመለል ሰፈረ ይላል። ይህ ትውፊት እንጂ የተጻፈ ማስረጃ አይደለም። ነገር ግን በሶዶ የሚገኘው የምድረ ከብድ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምና በሰባት ቤት የሚገኘው የምሁር ኢየሱስ ገዳም፣ ጥንታዊነታቸው የሚነገርላቸው ስለሆነ፣ ክርስትና በአገሩ የቅርብ ጊዜ እንግዳ አለመሆኑን ያስታውሱናል። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የተከተለው የሕዝብ ፍልሰት አገሩን ከነገሥታቱ ማዕከል ለየው። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ክርስትናን ያቈየው የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን የገዳማቱ ጸሎትና የምእመናኑ ልማድ ነበር።

በምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። አይመለል በ1868 ዓ.ም. ግድም ያለ ብዙ ውጊያ ገበረ። በምዕራብ ግን የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በራስ ጎበና ጦር እስከ ተሸነፈበት እስከ 1881 ዓ.ም. ግድም ድረስ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ከዚህም የተነሣ በሰባት ቤት በኩል አዲሶቹ አብያተ ክርስቲያናት ከሹማምንቱና ከግብሩ ጋር አብረው ገቡ። የተጠመቀው ገበሬ አንዳንድ ጊዜ ከጥምቀቱም በኋላ ለቦዠና ለደምዋሚት የሚያቀርበውን ስጦታ አልተወም ነበር። አሜሪካዊው የሕዝብ ባህል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህን የነባሩን እምነት ኀይል በሰፊው ገልጾታል።

ቈይቶ ሌሎችም መጡ። የካቶሊክ ሚሲዮን በእምድብር ሥር ሰደደ፤ እምድብርም በ1996 ዓ.ም. የራሷ ሀገረ ስብከት ሆነች። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በ1920 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በከምባታ፣ በወላይታና በሲዳሞ ከሠራ በኋላ የወንጌል አማኞች ቍጥር በደቡብ በኩል በረከተ። ዛሬ በወልቂጤም በቡታጅራም የሦስቱ ወገኖች አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እኛ በብዛት የምንጠቅሰው የኦርቶዶክሱን ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም በዕድሜ የቀደመውና ለሌሎቹም ማኅበራት አርአያ የሆነው እርሱ ነው ብለን እናምናለን።

ማኅበርና ሰንበቴ እንደ ትምህርት ቤት

አንድ ገበሬ ወይም ነጋዴ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚገናኝባቸው ሦስት ገመዶች ነበሩት። አንደኛው የንስሐ አባቱ ነው። የንስሐ አባት የቤቱን ምሥጢር ያውቃል፣ ጠበል ይረጫል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይገባል፣ ሲሞቱም ይፈታል። ይሁን እንጂ አንድ ቄስ ብዙ የንስሐ ልጆች ስለሚኖሩት በየቀኑ ሊከታተላቸው አይችልም።

ሁለተኛው ማኅበር ነው። በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም የተሰበሰቡ ሰዎች በየወሩ በበዓሉ ቀን፣ የአቦ ከሆነ በ5፣ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21፣ በየተራ በአንዱ ቤት ይገናኛሉ። ቄሱ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይቈረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። በስሙ እንደምናየው ሙሴ ሕዝቡን የሚመራ እንጂ የሚገዛ አይደለም፤ እርሱም እንደ ሌላው በተራው ይደግሳል፣ ሲቀርም መቀጫ ይከፍላል።

ይህ ሥርዓት ለወንዱ ጠባይ ምን እንደሚያደርግለት ቈም ብለን እናስብ። መጀመሪያ፣ ተራው የደረሰ ሰው ቤቱን ለእኩዮቹ ዐይን ይከፍታል። ጓዳው ባዶ መሆኑ፣ ሚስቱ ማዘኗ፣ ልጆቹ መራቆታቸው ሊደበቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ ቂም የያዘ ሰው ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ ጽዋውን እንዳይቀምስ ይከለከላል፤ ስለዚህ ጠብ ከወር ወደ ወር እንዳይሻገር በር ይዘጋበታል። ሦስተኛ፣ ከዓመት ዓመት ለድግሱ መዘጋጀት ግድ ስለሆነ ገንዘብን በጠጅ ቤት ማጥፋት ወዲያው የሚታይ ጥፋት ይሆናል። እንግዲህ ማኅበሩ ስብከት ሳያበዛ ትጋትን፣ ዕርቅንና እንግዳ መቀበልን ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ገመድ ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በሰንበቴው ቤት ይደረጋል፤ የሚበላውም የአባሎቹ ብቻ ሳይሆን የነዳያኑና የመንገደኛው ነው። በማኅበር ለእኩያው የደገሰ ሰው በሰንበቴ ብድር ሊመልስለት ለማይችል ሰው ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። አብዛኛው ሕዝብ የሚጋባው በተክሊልና በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ስለነበረ፣ ከዚህም ጋር ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚል ልማድ ስለ ሰፈነ፣ በጕልማሳነት ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ለብዙ ዓመታት ከቁርባን ርቆ ይኖር ነበር። ልጆቹን የሚያሳድገው፣ ገንዘቡን የሚያወጣውና የሚያገባው፣ ፈተናውም የሚበረታበት በዚሁ ዕድሜው ነው። ከመቅደሱ በራቀበት በዚህ ዘመን ይዞ ያቈየው ማኅበሩ መሆኑን ስናስተውል፣ የማኅበሩ ዋጋ ከፍ ብሎ ይታየናል።

ከቤቱ የራቀ አባወራ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ለጉራጌ ቤተ ሰብ አዲስ ፈተና መጣ። ግብሩ በገንዘብ ሲጠየቅና መሬቱ ለቤተ ሰቡ ሲጠብ፣ ወንዶቹ ወደ ከተማ መውጣት ጀመሩ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የቀን ሥራውም የንግዱም ዕድል ሰፋ። ተሸካሚነት፣ አናጢነት፣ ሊስትሮነት፣ አነስተኛ ችርቻሮ የመጀመሪያዎቹ መተዳደሪያዎች ነበሩ። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የመርካቶ ገበያ ሲቋቋምና የውጭ አገር ነጋዴዎች ቦታ ሲለዋወጥ፣ ቀድሞ ሸክም የተሸከመው ሰው ሱቅ መክፈት ቻለ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው የመኪና መንገድ በመስፋፋቱም ወልቂጤ ከገጠሩ የወጣው ሰው የሚያልፍባት ከተማ ሆነች።

ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው እንሰት ስላለ ነው። እንሰቱን የሚተክለውና እየነቀለ የሚያዛውረው ወንዱ ነው፤ የሚፍቀው፣ በጕድጓድ የሚቀብረውና ቆጮ የሚያደርገው ግን ሴቷ ናት። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ከተተከለ ባልየው ለወራት ቢሄድም ቤቱ በአንድ ጊዜ አይራብም። ስለዚህ ወንዱ ከቤቱ ሊርቅ ቻለ፤ ቤቱም ያለ እርሱ ሊኖር ቻለ። አባወራነቱ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። በየማታው ከልጆቹ ጋር የማይበላ ሰው በምን አባት ይባላል?

ሕዝቡ ለዚህ የሰጠው መልስ መስቀል ነው። በመስከረም አጋማሽ የጉራጌ ልጅ ከያለበት ወደ አገሩ ይገባል። ሚስት ቅቤዋንና ቆጮዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ባል ሠንጋውን፣ ልብሱንና ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ይመጣል። ክትፎው ይቀርባል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ በጀፎረው ላይ የተጣላ ይታረቃል፣ ልጅ ለትምህርት ወይም ለንግድ ማን ጋር እንደሚሄድ ይወሰናል፣ ጋብቻም ይታሰባል። በመስቀል የሚቀር አባወራ የሚጠረጠረው ድሃ ነው ተብሎ አይደለም፤ ቤቱን ረስቷል ተብሎ ነው። በከተማ ሌላ ቤት ሠርቶ የቀድሞዪቱን ቤት የዘነጋ አንዳንድ ሰው መኖሩን ሁሉ ያውቀዋልና።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን አባታችንን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል ብቻ እያየን አድገናል። ስለዚህ የምንጽፈው ከሩቅ እንደሚመለከት ሰው አይደለም። ለሕፃን ልጅ አባት ማለት በመስከረም የሚመጣ አዲስ ልብስና የሚስም ጢም ነበር፤ ለእናት ግን የቀሩት አሥራ አንዱ ወሮች ነበሩ።

ከጽዋ ወደ እድር፣ ከእድር ወደ መንገድ

በከተማ የተቀመጠው ወንድ ብቻውን አልቀረም፤ የለመደውን ጉባኤ ይዞ ሄደ። የአንድ አገር ልጆች በአንድ ሰፈር ተሰብስበው ማኅበር ጠጡ፣ እቁብ ጣሉ፣ እድር አቋቋሙ። የእድርን ጅማሬ ብዙ ጸሐፊዎች ወደ አዲስ አበባ ከገባው ከጉራጌ ሕዝብ ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ የሞተ ሰው የሚቀብረው ያስፈልገዋል። ማኅበሩ በቅዱሱ ስም የሠራውን እድሩ በመዝገብ፣ በወርኀዊ መዋጮና በተመረጠ ዳኛ ሠራው። ብዙዎቹ እድሮች ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለዩ በአንድ ድንኳን የሚያስቀምጡ ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች ስለ እቁብና ስለ መሰል ማኅበራት በጥናት ማኅበራቸው መጽሔት ላይ መጻፋቸው፣ ነገሩ በዚያን ጊዜ የምሁራንን ዐይን መሳቡን ያሳያል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮጳ በየሙያው የነበሩ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ተሰብስበው አብረው ይበሉ፣ ሙታናቸውን በጋራ ይቀብሩ፣ ባልቴቶችን ይረዱ ነበር። በናይጄሪያም ኢቦዎች በከተማ ተሰብስበው ለትውልድ መንደራቸው ትምህርት ቤትና መንገድ ሠርተዋል። ስለዚህ ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም፤ የኛ የሚባለው የተጓዘበት መንገድ ነው።

ይህም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጕልህ ታየ። የክስታኔና የመስቃን ተወላጆች ከሌሎች የአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው የአለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ፤ የሰባት ቤት ተወላጆችም የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት መሠረቱ። ገንዘቡ የተዋጣው ከባለ ሱቁም፣ ከወታደሩም፣ ከተሸካሚውም ነው። የክስታኔውን መንገድ ጉዳይ ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1972 በለንደን ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት መርምረውታል።

እኛ ይህን መንገድ የምናየው እንደ ልማት ሥራ ብቻ አይደለም። ለወራት ከቤቱ የተለየ ሰው ወደ ቤቱ የሚያደርሰውን መንገድ በገዛ ገንዘቡ መሥራቱ የአባወራነት ተግባር ነው። ሚስት በምጥ ስትያዝ ወደ ሐኪም የምትደርስበት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ ቆጮውና በርበሬው ወደ ገበያ የሚወጣበት ይኸው መንገድ ነው። በማኅበር ለአሥራ ሁለት ሰው መደገስን የተማረው እጅ፣ እዚህ ላይ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ደገሰ።

የጉባኤው ጉድለት

እስካሁን የተናገርነው ምስጋና ነው። አሁን ቀደም ሲል ወዳስታወስነው ጉድለት እንመለስ። በየጉባኤው የተቀመጡት፣ የፈረዱትና የመረቁት በብዛት ወንዶች ነበሩ። ለማኅበሩ ጠላውን የጠመቀችው፣ ዳቦውን የጋገረችው፣ ለመስቀሉ ቅቤውን ያጠራቀመችው ሴት ግን በጓዳ ቀረች። ሴቶቹ ውጆ የሚባል የራሳቸው የቅቤ እቁብ ነበራቸው፤ እርስ በርስ መደጋገፍን ያውቁበት ነበር። ሆኖም ስለ ቤታቸው በሚፈረድበት ሸንጎ ድምፅ አልነበራቸውም።

ይህን ጉድለት ከሁሉ አስቀድማ በግልጽ የተናገረችው በ19ኛው መቶ ዓመት በምሁር የኖረችው የቃቄ ወርድወት ናት። ወርድወት በሰባት ቤት የበላይ ሸንጎ በየጆካ ፊት ቆማ፣ ወንድ ሚስት ሲደርብ ሴት ግን ልትፈታው የማትችልበት ሥርዓት ፍትሕ እንደሌለው ተከራከረች። ታሪኳ በዘመናችን በመድረክ ተውኔት ቀርቦ ብዙ ሕዝብ ተመልክቶታል። ልብ ብለን ካየነው ወርድወት የሸንጎውን ሥልጣን አልካደችም፤ ሸንጎው ከጎረቤት ጠብ አልፎ የባልንም ጥፋት እንዲመዝን ነው የጠየቀችው።

የመንግሥት ሕግም ለረጅም ጊዜ የወርድወትን ጥያቄ አልመለሰም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው ቍጥር ባል የቤተ ሰቡ አለቃ እንደሆነ፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሕጉ በወጣበት በዚያው ዘመን በሰባት ቤትና በሶዶ ገጠር ብዙው «አለቃ» መርካቶ ነበር፤ ቤቱን የምትመራው፣ እንሰቱን የምታስጠብቀው፣ ለልጁ ሕመም የምትወስነው ታዛዥ የተባለችው ሚስት ነበረች። ማዕርጉ በወረቀት ላይ ለአንዱ ሲሰጥ ሥራው በሌላው ትከሻ ላይ ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ የባልና የሚስት መብት እኩል መሆኑን ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም የባልን አለቅነት አስቀረ፤ የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ።

አንዳንድ ሰው ይህ ለውጥ አባትን ያዋርዳል ይላል። እኛ አይመስለንም። ከላይ እንዳየነው፣ በማኅበሩ ሥርዓት አለቃ የተባለው ሙሴ እንኳ በተራው ይደግሳል፣ ሲያጠፋም ይቀጣል። ባል በቤቱ ከዚህ የተለየ አለቅነት ይኑረው የሚል አሳብ ከራሱ ከማኅበሩ ትምህርት ጋር አይስማማም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲያስቀር ከቤተ ክርስቲያንም መሬቷን ወሰደ። ማኅበር፣ ሰንበቴና እድር ግን መሬት ስላልነበራቸው የሚወሰድባቸው ነገር አልተገኘም፤ ከየቤቱ በሚወጣው ዳቦ ኖሩ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የኦርቶዶክስ ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ እየሰበሰበ ያስተምር ጀመር። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቀድሞ ወጣቱን ወደ ውጭ የምትሸኘው ከተማ ከየአገሩ የመጣ ወጣት የምትቀበል ሆነች። በጕልማሳነት ከቁርባን መራቅ ግዴታ መስሎ የሚታየው ልማድም በነዚህ ወጣቶች ዘንድ እየተመረመረ ነው። የካቶሊኩና የወንጌል አማኙ ወጣትም በየቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ጉባኤ አለው። የመራቁ ፈተና ግን አልቀረም፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። የትናንቱ አባወራ ወደ መርካቶ ሄደ፤ የዛሬው ወደ ደቡብ አፍሪካም ወደ ዐረብ አገርም ይሄዳል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የክርስቲያን ወንድ እምነትና ጠባይ ያደገው በተራ፣ በመዋጮና በዕርቅ ነው። የንስሐ አባቱ መከረው፣ ማኅበሩ ቤቱን ተመለከተለት፣ እድሩ ሙታኑን ቀበረለት፣ የመንገዱ ማኅበር ወደ ቤቱ መለሰው። ይህ ታሪክ ሊያኰራን ይገባል። ነገር ግን ኵራቱ ሙሉ የሚሆነው ወርድወት ያነሣችው ጥያቄ በየቤታችን ሲመለስ ነው፤ ይኸውም ባል በእኩዮቹ ፊት የሚሰጠውን መልስ ለሚስቱም ሲሰጥ ነው።

ይህን የምንጽፈው እኛ የነዚያ አባቶችና የነዚያ እናቶች ልጆች ነን፤ ነገም በተራችን ጽዋውን እንቀበላለን። ጽዋውን ከመቀበላችን በፊት ማን እንደ ጠመቀው ብንጠይቅ፣ አባቶቻችን ያወረሱንን ሥርዓት አናፈርስም፤ እነርሱ ካደረሱት አንድ እርምጃ ወደፊት እናደርሰዋለን። በየትውልድ ቦታችን ያሉ የማኅበርና የእድር አረጋውያን በሕይወት ሳሉ የየማኅበሩ ታሪክ ከነመዝገቡ እንዲሰበሰብ፣ የእናቶችም ቃል አብሮ እንዲጻፍ፣ ጓደኞቻችን ተማሪዎችና መምህራኖቻችን እንዲያስቡበት በትሕትና እናሳስባለን።